ቢጫው ምልክት

ሾፌሩ ሷሊህ ከጋምቤላ ወደ አቦቦ ጭነት ባመላለሰ ቁጥር ከመታጠፊያው አጠገብ የሚያያቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ክልሉ ገና ሲቋቋም የተተከለውን ቀይ የአደጋ ምልክት በገዛ እጃቸው ቢጫ ቀብተውታል። ጠዋት ጠዋት በሽርጣቸው ጫፍ አቧራውን ይጠርጉለታል፤ መኪና ሲመጣ ግን ፊታቸውን ወደ በቆሎው ያዞራሉ።

አንድ ቀን ጎማ ተንፍሶበት እዚያው ቆመ።

«አባባ፣ የአደጋ ምልክት ቀይ አይደል እንዴ? ምነው ቢጫ ቀቡት?»

«ቀይማ በዚህ አቧራ ውስጥ አይታይም።»

«ማን አለ?»

ሽማግሌው ሽርጣቸውን አራገፉ።

«የገጫት ሾፌር ነዋ፣ ዳኛ ፊት። ያን ዕለት ልጄ የለበሰችው ቀይ ቀሚስ ነበር።»