ለነፋስ የተከፈተ ግድግዳ

ባለቤቴ አናጢ ነበር። ደሴ ሆጤ ሰፈር ተወልዶ፣ ሆጤ አድጎ፣ እኔንም እዚያው ሆጤ ያገባ፣ አስም ያለበት ሰው። የደሴ ክረምት ሲገባ ሳሉ ጎረቤት ይቀሰቅስ ነበር። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ሐኪሙ «ይህ ብርድ አይሆንህም፣ ሞቅ ወዳለ አገር ውረድ» አለው። መጋዙንና መላጊያውን ጭነን በሐረጎ ቁልቁለት ኮምቦልቻ ወረድን። ሩቅ አገር አይደለም፤ ከደሴ ካፖርት ለብሶ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ ሲደርስ አውልቆ በክንዱ ይይዘዋል። እኔ ግን እናቴን ትቼ እያለቀስኩ ነው የወረድኩት። ይሁን አልኩ። እሱ እንደ ሰው ይተንፍስልኝ እንጂ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ።

ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ከቤታችን ጎን የእንጨት መሥሪያ ክፍል ሠራ፤ ልክ ደሴ እንደሚሠራው አድርጎ! ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ኮርኒስ የሌለው፣ መስኮቱ አንዲት ብቻ፣ እሷም የጠዋት ፀሐይ እንድታስገባ ወደ ምሥራቅ የዞረች። የኮምቦልቻ ሰው በግድግዳና በጣሪያ መሃል የሚተወውን ክፍተት በጭቃ ደፈነው፤ የተረፈችውን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፋት። እኛ ደሴዎች ቤት ስንሠራ የምናውቀው ጠላት ብርድ ብቻ ነው።

በጋው ሲጠና ክፍሉ ነደደ። ቆርቆሮው ከላይ ያቃጥላል፤ ሰጋቱራው መውጫ አጥቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል። እሱ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፎ፣ በሩንም መስኮቱንም ዘግቶ ይልጋል።

«ኧረ ክፈተው አንተ ሰውዬ!» እለዋለሁ።

«በላቤ ላይ ነፋስ እንዲመታኝ? ልትገድይኝ ነው እንዴ?»

«አሁንስ መቼ ኖርክና?»

«ላብ ሰው ገድሎ አያውቅም። የሚገድለው ነፋስ ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ተረትኩበት። ሳቀ፤ ሳቁ ሳሉን ቀሰቀሰበትና ጠረጴዛውን ተደግፎ ቀረ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው። ደሴ ብርዱ ያፍነዋል፣ እዚህ ሙቀቱና አቧራው። ከዚህ በኋላ የት እንወርዳለን? ሥራህን ተው እንዳልለው፣ እጁ ሥራ የፈታ ቀን እንደሚሞትብኝ አውቃለሁ። ቬንትሌተር ተውሼ አመጣሁለት፤ ሰጋቱራውን አንሥቶ ፊቱ ላይ በተነበትና በዚያው ቀን መለስኩት።

የደረሱልን ጎረቤታችን ናቸው፤ ከባቲ በኩል የመጡ፣ ሙቀት ውስጥ ያረጁ ሙስሊም አባት። አንድ ቀን የተሰበረ ወንበር ይዘው ገቡና በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«አስተግፊሩላህ! ልጄ፣ እዚህ ቤት እንጨት ነው የምትሠራው ዳቦ ነው የምትጋግረው?»

«ነፋስ እፈራለሁ አባባ» አላቸው።

«ነፋስማ የሚመታህ በስንጥቅ ሾልኮ ሲመጣ ነው። ሰፋ አድርገህ ከፍተህ ከተቀበልከው ምን ያደርግሃል? አብሽር፣ ወላሂ እኔ አለሁ።»

እኔ ስጮህበት የከረምኩትን እሳቸው ሲሉት ሰማ። ተናደድኩም፣ ደስም አለኝ። ሁለቱ ሆነው በፀሐይ በኩል ሳይሆን በጥላው በኩል ያለውን ግድግዳ ከወገብ በላይ አፈረሱትና በቦታው የእንጨት ርብራብ አደረጉበት። ጣሪያውን ትንሽ ከፍ አድርገው ቆርቆሮው ላይ የማሽላ አገዳ ደርድረው በሽቦ አሰሩት። ውጪውን እኔ ኖራ ቀባሁት። በየጠዋቱ ወለሉ ላይ ውሃ እረጫለሁ፣ አቧራው ይተኛል። ቀትር ላይ ሥራ የለም፤ መላጊያው ይቀመጥና ጋደም ይላል።

ለነፋሱ ግን ወዲያው እጁን አልሰጠም። በዚያ ሙቀት አንገቱ ላይ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥሞ ነበር የሚሠራው! ያየው ሁሉ ይስቅበታል። ቆይቶ ሻርፑ ትከሻው ላይ ወረደ፣ ቆይቶ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። ሳሉም ቀለል አለለት። እኔ ምስር እየለቀምኩ እዚያው እቀመጣለሁ፤ እሱ እየላገ ያንጎራጉራል። ከደሴ ከወጣሁ ወዲህ ልቤ ያረፈው ያን ጊዜ ነው። ይኸው ዳነልኝ ብዬ ነበር።

አልዳነም። ደረቱ ቀድሞ አልቆ ኖሯል። በሚቀጥለው ዓመት መጋዝ መሳብ አቃተው፤ ቢሆንም ጠዋት ጠዋት ደግፌ እወስደውና ወደ ርብራቡ ዞሮ ይቀመጣል። ምንም አይሠራም። አፉን ከፍቶ ያን አየር ይጠጣዋል። ግንቦት ላይ አረፈ።

ዘመዶቹ ከደሴ ወረዱ። ታላቅ እኅቱ፣ እናታቸው ስትሞት እንደ ልጅ ያሳደጉት እትዬ፣ ያንን የተከፈተ ግድግዳ ገና ሲያዩት ደረታቸውን መቱ። «የፈሩት ይደርሳል! ይኸው ወንድሜን ነፋስ በላው!» አሉ። ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ግድግዳው፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አየ። አልፈረድኩባቸውም፤ ልጃቸው ነው የሞተባቸው።

ሠልስቱ ከወጣ በኋላ ወደ መሥሪያ ክፍሉ ሄድኩ። ርብራቡ ከዳር እስከ ዳር ጣውላ ተመትቶበታል፤ እሱ ለቁም ሣጥን ብሎ ያለሰለሰው ጣውላ። ውስጡ ጨልሟል፣ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ደሜ ፈላ። መዶሻውን አነሣሁና የመጀመሪያውን ሚስማር መንቀል ጀመርኩ።

እትዬ ድምፁን ሰምተው መጡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ይጣሉኛል ብዬ ነበር። ድምፃቸው በልቅሶ ተዘግቷል።

«ተይው ልጄ» አሉኝ። «አሁን ለማን ብለሽ ነው የምትከፍችው?»

መዶሻውን አስቀመጥኩት። እሳቸውም የዘጉት ለእሱ፣ እኔም የምከፍተው ለእሱ፤ እሱ ደግሞ የለም። ወለሉ ላይ ዘፍ አልኩ፤ እትዬም ጥቁር ነጠላቸውን ሰብስበው አጠገቤ ተቀመጡ። እዚያ ሙቀት ውስጥ ላባችን ከእንባችን ጋር እየወረደ ተቃቅፈን አለቀስን፤ አንዳችንም ተነሥተን በሩን አልከፈትንም።