አባቴ በሐጂ ኑርየ ቤት

ባለፈው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ገበያ አንድ ነጋዴ የአቡጀዲ ጣቃ ሲዘረጋ የአዲስ ጨርቅ ሽታ አወደኝና ባለሁበት ቆምኩ። ሐጂ ኑርየ ትዝ አሉኝ።

ሐጂ ቡሬ ላይ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀን በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ይውላል፣ ሲመሽ ይጠጣል። ኋላ ኋላ ማለዳም ይጠጣ ጀመር። ሲስተር የምንላት ጎረቤታችን ነርስ፣ ካላቆመ እንደሚሞት ለእናቴ ነገረቻት። ብቻውን በአንድ ጊዜ ቢያቆምም ያሰጋል፤ ሲስተር ራሷ መድኃኒት እየሰጠች ትከታተለዋለች፣ ግን መጠጥ የማይገባበት ቤት ተኝቶ ሰው ሌት ተቀን ሊጠብቀው ይገባል። እናቴ ኩርምት ብላ አለቀሰች። የምንኖረው እሷ በምታወጣው አረቄ ነው፤ ቤታችን ግድግዳው ሳይቀር አረቄ አረቄ ይሸታል።

«ከኔ ቤት ይተኛ» አሉ ሐጂ። ጣቃዎቹን አስወጥተው መጋዘናቸውን አስጠረጉለት።

እናቴ እየፈራች፣ «ሐጂ፣ ክርስቲያን ነውና የእርስዎን ቤት ስጋ አይበላም፤ ምግቡን እኔ ላመላልስ» አለች።

«ምን በወጣሽ! እሱ እስኪድን ስጋ እዚህ ቤት አይገባም። ሽሮውን አብረን እንበላለን።»

እንዳሉትም አደረጉ፣ ከነልጆቻቸው።

አባቴ ተንቀጠቀጠ፤ ላቡ ፍራሹን አራሰው። ሲስተር ጠዋትና ማታ እየመጣች ግፊቱን ትለካለች፣ ክኒኑን ትሰጠዋለች። ከባሰበት ሆስፒታል የሚያደርሰው መኪና ተዘጋጅቶ ነበር። አንድ ቀን በፔርሙስ ሻይ ይዤ ስገባ አባቴ የሐጂን ፎጣ ከነአንገታቸው ጨምድዶ «አንዲት መለኪያ ብቻ!» ይላል። እምቢ ሲሉት ሰደባቸው። ሃይማኖታቸውን ሳይቀር ሰደበ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐጂ ግን በዚያው ፎጣ ላቡን እየጠረጉለት፣

«እሰይ ወንድምዓለም! ትናንት እኮ ለመሳደብም አቅም አልነበረህ» አሉና ሳቁ።

አባቴ እጃቸው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እኔ ፔርሙሱን እንዳቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይፈጠራል? እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡ ለቀቀው፣ እህልም ተስማማው። ወደ ቤት ሲመለስ እናቴ የአረቄ ማውጫዎቿን ሰባብራ በርበሬ መቸርቸር ጀምራ ነበር።

ሐጂ ወደ አኼራ ከሄዱ ቆዩ። ሱቁን ለልጆቻቸው አወረሱ። ለኔ ያወረሱኝ ልብስ ሰፊ ደግሞ ትናንት ማታ ከቡሬ ደውሎ «አንቺ፣ እራት በላሽ?» አለኝ።