ሦስት ሴቶች በበቆሎ ዳር

በምዕራብ ጎጃም ያለ ምንም ክፍያ የሚታደርበትን ቦታ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣና ይከራከረኝ። ፍኖተ ሰላም ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁንም እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ የምውል ሴት ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወረቀት ሳባዛ ከርሜ ቅዳሜና እሁድን ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ማየት አልወድም። ሆቴል ይዞ መዝናናት ደግሞ ለእኔ ቢጤ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ከሰልባጅ ተራ አንድ ድንኳን ገዛን። ብርቱካንማ ነው፤ ዚፑ ያስቸግራል፣ አንድ ጎኑ ተጥፏል፣ ዝናብ ግን አያስገባም። አንደኛዋ ጓደኛዬ አስተማሪ ናት፣ ረጋ ያለች። ሌላዋ ቡሬ ላይ ልብስ ትነግዳለች፤ እሷ ባለችበት ሬዲዮ መክፈት አያስፈልግም።

መንገዱ ሰላም በነበረበት በዚያ ጊዜ ያልሞከርነው መስክ የለም። ቆጋ ግድብ ዳር አድረን ጠዋት ድንች የሚያወጡ ሰዎች ቀቅለው አብልተውናል። ጢስ ዓባይ፣ ከፏፏቴው ራቅ ካለ ሜዳ ላይ፣ ውኃው እየጮኸ እንቅልፍ ወስዶናል። ሰው «ነፃ ቦታ» ሲባል ማንም የሌለበት ቦታ ይመስለዋል። ኤዲያ! እዚህ አገር ባለቤት የሌለው ቦታ የት አለና? ባዶ የሚመስለው መስክ የአንዱ የከብት ግጦሽ ነው፤ ደልዳላና ጽድት ያለ ቦታ ከተገኘ ደግሞ የእህል አውድማ ነውና በጫማም አይረገጥ። የኔ ደንብ አንድ ነው። ከሁሉ የሚቀርበውን ቤት ፈልጌ፣ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣ «እንደምን ዋላችሁ ቤቶች!» እላለሁ። ከዚያ ጭቅጭቁ ይጀመራል። እነሱ «ቤት እያለን እንግዳ ሜዳ ላይ አሳድረን ሰው ምን ይለናል?» ይላሉ፤ እኛ ድንኳኑን እያሳየን እንለምናለን። ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነኝ።

በዚሁ ደንቤ ነው መስከረም ሊወጣ ሲል፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ከቡሬ አስፋልት ርቀን ገብተን አንድ ሽማግሌ ደጅ የደረስነው። ማሳቸው ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከታች ወንዝ ይሰማል፤ ከላይ በቆሎው እሸት ይዞ ቆሟል። ድንኳን እንትከል ብለን ስንጠይቃቸው እንደሌላው ሰው አልተከራከሩንም። «የወደዳችሁትን አድርጉ» ብለው ፊታቸውን ወደ ገደሉ መለሱ። እንዲህ ያለ አቀባበል ገጥሞኝ ስለማያውቅ ቅር አለኝ።

ነገሩ የወጣው እሸት ጠብሰው ሲያቀርቡልን ነው። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ወንዶች ልጆቻቸው ከተማ ገብተው ቀርተዋል። አንዲት ሴት ልጃቸው ቡሬ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች፤ ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ፣ እሁድ ጎሕ ሲቀድ፣ ክርስትና ልትነሣ ነው። ለዚያ ለመድረስ ቅዳሜ ወጥተው ቡሬ ማደር አለባቸው።

«ታዲያ አይሄዱም እንዴ?» አልኳቸው።

«ይኼን ለማን ትቼ?» አሉ፣ በአገጫቸው በቆሎውን እያሳዩኝ።

ዝንጀሮው ከገደሉ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የእሳቸውን ማሳ ነው። ሌሊቱን ጎረቤት ከውሾቹ ጋር አብሮ ያይላቸዋል። ቀን ቀን ግን በዚህ ወር ሁሉም የየራሱን ማሳ ስለሚጠብቅ ለሌላው የሚተርፍ ሰው የለም። አምና ለለቅሶ አንድ ቀን ብቻ ወጣ ብለው ሲመለሱ የማሳው ግማሽ ባዶ አገዳ ሆኖ ጠበቃቸው። የዓመት ቀለባቸው ይኸው በቆሎ ነው።

«እኛ እንጠብቅልዎታለን፤ ይሂዱ» አልኩ፣ ጓደኞቼን እንኳ ሳላማክር።

ሽማግሌው ሳቁ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ። ዝንጀሮ ግን ሴት አይፈራም።»

ይኼን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ዝንጀሮ ሴትን በቀሚሷ ይለያታል፣ በድምፅዋ ያውቃታል፣ ይንቃታል ይባላል። ደሜ ፈላ። «እና እኛ ሴት ስለሆንን እርስዎ ከልጅ ልጅዎ ክርስትና ሊቀሩ ነው?» አልኳቸው። አስተማሪዋ በክርኗ ጎሸመችኝ። ነጋዴዋ ግን ቀበል አድርጋ፣ «አባባ፣ የዚችን ቁጣ ካላወቁ የፎቶ ኮፒ ደንበኞቿን ይጠይቁ፤ ዝንጀሮ ምን አላት!» አለችና አሳቀቻቸው። ብዙ ተከራከርን። መጨረሻ ላይ «እንግዲህ እመቤቴ ታውቃለች» ብለው እሺ አሉ።

ጠዋት ነጭ ለብሰው፣ ለአራሷ የሚወስዱትን ቅቤና ማር በጨርቅ ቋጥረው ወጡ። ከመሄዳቸው በፊት አሮጌ ኮትና ባርኔጣ አምጥተው ሰጡኝ። «ልበሺው፤ ከሩቅ ወንድ ትመስይ ይሆናል» አሉኝ። በሌላ ቀን ቢሆን እዚያው እጣላ ነበር። ክርስትናው እንዳይቀርባቸው ብዬ ብቻ ለበስኩት። ጓደኞቼ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁብኝ ማማው ላይ ወጣሁ። ማማ ማለት አራት እንጨት ተተክሎ ላዩ የተረበረበ፣ ማሳውን ከላይ ሆነው የሚጠብቁበት ቆጥ ነው።

ከዚያ ላይ ሆኜ አካባቢውን ስቃኝ፣ ከማሳው ማዶ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ዋርካ ሥር አንድ ነጭ ነገር አየሁ። ትክ ብዬ ሳይ ሽማግሌው ናቸው። ተቀምጠዋል! ጥቂት ጠበቅሁ፤ አልተነሡም። ፀሐዩ ከፍ አለ፤ አሁንም አልተነሡም። ወይ ጉድ! እኔ ኮት ለብሼ በላብ ስጠመቅ እሳቸው ለካ እኛን እየጠበቁ ነው! ከማማው ወርጄ፣ «እናንተ እዩት፣ መጣሁ» ብዬ ወደ ዋርካው ገሰገስኩ።

«ምነው አባባ? መኪናው እኮ ያልፍዎታል!»

«እግሬ እምቢ አለኝ፣ ልጄ።»

«እግርዎ ነው ወይስ እኛን አላምን ብለው?»

ቋጠሯቸውን አቅፈው ማሳውን ያያሉ። «ብቀር ልጄ ታዝንብኛለች» አሉ። «ኀዘኗን እችለዋለሁ። በቆሎው ከሄደ ግን ክረምቱን ምን እበላለሁ? የሷን እጅ ልጠብቅ ነው? አዲስ ጎጆ ናቸው፤ ለራሳቸውም አልተረፉ።»

ንዴቴ ብን ብሎ ጠፋ። አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ምን እንደምላቸው ሳስብ ገደሉ በኩል ዝንጀሮ ጮኸ።

ሁለታችንም ብድግ አልን። መንጋው በአፋፉ ወጥቶ ማሳው ጫፍ ደርሷል። ከፊት ጎፈሬው ትከሻው ላይ የወረደ አንድ ትልቅ ወንድ አለ። ጓደኞቼ እየጮሁ፣ ድንጋይ እየወረወሩ ሮጡበት። ወይ ፍንክች! አንድ እሸት ሰበረ፣ ላጠ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ እያያቸው ይበላ ጀመር። ሌሎቹም እሱን አይተው ተራ በተራ ገቡ።

«አላልኩሽም! አላልኩሽም!» አሉ ሽማግሌው። ቋጠሮውን መሬት ጣሉና በትራቸውን ይዘው ወደ ማሳው መመለስ ጀመሩ። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ልቤ ከዳኝ። ክርስትናውም ቀረ፣ በቆሎውም አለቀ፣ የኔ ጉራም ዋጋ አጣ ብዬ ኮቱን እንደለበስኩ ከኋላቸው ተከተልኩ።

እንዲህ እየሄድን ሳለ ነጋዴዋ ፊቷን አዙራ ወደ ድንኳናችን ስትሮጥ አየሁ። ፈርታ ልትገባ መስሎኝ ነበር። እሷ እቴ! ካስማውን ነቃቅላ በአንድ ወገን ያዘች፤ አስተማሪዋ በሌላው ወገን ደረሰችላት። ያንን ድንኳን ከነውስጡ ዕቃ ከራሳቸው በላይ አንሥተው፣ ነፋስ እንደሞላው፣ እየተንፈራገጠ፣ ውስጡ ድስትና ኩባያ እየተንኳኳ ወደ መንጋው ከነፉ። ያቺ ረጋ ያለች አስተማሪ ስትጮህ ድምፅዋ እኛ ድረስ ይሰማል።

ትልቁ ዝንጀሮ እሸቱን አፉ ውስጥ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሰው አይቶ ያውቃል፣ ወንጭፍ ያውቃል፣ ውሻም ያውቃል። እንዲህ ያለ ብርቱካንማ ጉድ ግን ዘር ማንዘሩም አላየ። አንድ ጊዜ ጮኸና ገደሉን ቁልቁል ተወረወረ። መንጋው ተከተለው። እኒያ ሁለቱ ድንኳኑን ማቆም አቅቷቸው ከእሾህ አጥሩ ላይ ጣሉት፤ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ።

ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ደንግጬ ቀረብ ስል ለካ እየሳቁ ነው። ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «የዝንጀሮ አለቃ እንዲህ ሲሮጥ በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ። ከዚያ ተመልሰው ቋጠሯቸውን አነሡ፣ አቧራውን አራገፉ። «በሉ በርቱ» ብለውኝ ወደ አስፋልቱ ሄዱ። መታጠፊያውን እስኪያልፉ ዓይኔን አልነቀልኩም፤ አንዴም ዞር አላሉም።

ኮቱን እዚያው አወለቅሁት። በዚያ ቀን መንጋው ደጋግሞ መጣ፤ እኛም የድንኳኑን ቅዳጅ በረጅም እንጨት ላይ አስረን ደጋግመን አባረርነው። እሁድ ጠዋት ዝንጀሮዎቹ ከአለቱ ላይ ተቀምጠው ከማየት በቀር ጠጋ ለማለት አልደፈሩም። ድምፃችን ተዘግቶ እርስ በርሳችን በምልክት እስክንነጋገር ድረስ ጮኸናል። ዳር ላይ ካሉት ጥቂት አገዳዎች በስተቀር በቆሎው አንድ አልጎደለም። ይኼን ለማንም በኩራት እናገራለሁ።

እሁድ ከሰዓት ሽማግሌው የክርስትና ዳቦ ይዘው ተመለሱ። ማሳውን ሊያዩ ይሮጣሉ ስል ቀና ብለውም አላዩትም። ደጃፋቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ደረሱ?» አልኩ በሻከረ ድምፅ።

«ደረስኩ። ስትጠመቅ ቆሜ አየሁ።»

«ታዲያ ምነው ከፋዎት?»

«ልጄ እንዳየችኝ በደስታ አለቀሰች» አሉ። «ቀጥላ ‹ማሳውን ለማን ትተው መጡ?› አለችኝ። ‹ለሦስት ሴቶች› አልኳት። እሷም ‹እኔ እስካገባ ድረስ እዚያ ማማ ላይ ስወጣ አንድ ቀን ለብቻዬ አላመኑኝም። ሁልጊዜ ከጎረቤት ወንድ እየጠሩ ያቆሙብኝ ነበር። እኔን ያላመኑ፣ የማያውቋቸውን ሴቶች እንዴት አመኑ?› አለችኝ። እንግዳው ሁሉ ይሰማል። ምን ልበላት? መልስ አጥቼ መጣሁ።»

ስልኬን ከኪሴ አወጣሁና ሰጠኋቸው። «ይደውሉላት» አልኳቸው።

«ምን ብዬ?»

«እሱን እርስዎ ያውቃሉ።»

ቁጥሯን ከቤት ግድግዳ ላይ በከሰል ከተጻፈው አይቼ ደወልኩላቸው። ስልኩን ከፊታቸው አርቀው ይዘው፣ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠሩ ሁሉ ጮኹ፦ «እኔ ነኝ! በደኅና ገባሁ! በቆሎው ደኅና ነው!» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «ያኔም... ያኔም አንቺ ብቻሽን ትበቂ ነበር።»

ከወዲያ ሕፃኗ ስታለቅስ ይሰማል። በለቅሶው መሐል የልጃቸው ድምፅ መጣ።

«አባባ፣ አልሰማሁም። ይድገሙት።»

ሰምታለች። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ፤ እሳቸውም ሰምተዋል። ደገሙላት።