የወይኒቱ ሳል

ቡሬ ዳር ባለው ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ከወለጋ የተፈናቀሉ ሰዎች በሸራ ተከፋፍለው ይኖራሉ። እህል ቢሆኑ ኖሮ ነቀዝ እንዳይበላቸው የሚያስብላቸው አይጠፋም ነበር። ወይኒቱ ከአሮጊት እናቷ ከእማማ ወለተ ሐና ጋር ከአንዱ ሸራ ጀርባ ናት፤ በዚህ ምድር ላይ ያላቸው ቦታ ያው ነው።

በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ጫማቸው የጠራ ሰዎች መጥተው ለጠፉት፤ ከወረቀቱ ጋር ፎቶ ተነስተው ሄዱ። «ሳልዎ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» ይላል። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ይርሳው ግን «ይሂዱ» የምትለዋን ብቻ መርጦ አነበበ። ባለፈው ክረምት ሲያስል የተሰማውን ቢያድግልኝ የተባለ ነዋሪ ለሕዝቡ ጤና ሲባል በረንዳ አወጣው። የሕዝቡ ጤና ተጠበቀ፤ ቢያድግልኝን ብርዱ ጨረሰው።

ወይኒቱን ደረቷን እያፈነ ያስላት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። መላ ፈለገች፤ የበርበሬ መጋዘን ገብታ ከደረቁ በርበሬ ላይ ዘንጉን ትቀነጥስ ጀመር። እዚያ ሴቱ ሁሉ ሲያስልና ሲያስነጥስ ስለሚውል፣ ይህ ሳል የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሳሏን እዚያው አራግፋ ትመጣለች። ማታ ካመለጣት ደግሞ እናቷ ፈጥነው ከላይ ያስሉበታል።

«እኔ ነኝ ልጆቼ፣ እርጅና ነው» ይላሉ ለጎረቤት። ለአሮጊት ሳል ማን ይደነግጣል?

አንድ ቀን የበርበሬው ነጋዴ ኡምሀኒ ጠጋ አለቻት።

«አንቺ፣ የሌላው ሳል ደጅ ሲወጣ ይለቀዋል። ያንቺ ደረት ደጅም ያፏጫል።»

«ሥራው ደስ ቢለኝ ነዋ፣ እትዬ።»

«ቀልዱን ተይና ተነሽ።»

ጤና ጣቢያ ይዛት ሄደች። ነርሷ አስም ነው አለች፤ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ የሚቀሰቅስብሽ ብናኙ ነው፣ በርበሬውን ተዪ። በአፍ የሚሳብ መድኃኒትም ሰጠቻት።

ወይኒቱ «አይተላለፍም» የሚለውን እንደ ምሥራች ይዛ ተመለሰች። ይርሳውን ግን በዘወርዋራ ጠየቀችው።

«ጋሼ ይርሳው፣ አስም ያለበት ሰው ቢገኝስ? አይተላለፍም ይላሉ።»

«ሳል ሳል ነው እህቴ። ሐኪሞቹ ከእኛ ጋር አያድሩም።»

በማግሥቱ በርበሬው ውስጥ ተገኘች። ኡምሀኒ ተቆጣቻት።

«ተዪ አላሉሽም?»

«እዚህ ካልሳልኩ የት ልሳል፣ እትዬ?»

ኡምሀኒ በር አጠገብ፣ ነፋስ የሚያገኛት ቦታ አስቀመጠቻት።

መድኃኒቱ አለቀ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጆንያ ሲራገፍ ወይኒቱ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች። ሴቶቹ ሁሉ ያስሉ ስለነበር የእሷ ሳል መቆሙን የሰማ አልነበረም።

ከቀብር መልስ ይርሳው ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሣ።

«ወይኒቱ አንድ ቀን እንኳ ስትስል ሰምተናት አናውቅም» ብሎ መሰከረላት። ቀጥሎ፣ ታዲያ እንዲህ ያለች ጤነኛ ልጅ በሽታውን ከየት አመጣችው ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። «እማማ፣ እርስዎን ያስልዎታል። እንግዲህ ለሕዝቡ ጤና ሲባል…»

እማማ ወለተ ሐና ሳል ይዟቸው የማያውቅ ሴት ናቸው። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ልጃቸው እስክትሞት የደበቀችውን፣ አፈሯ ሳይደርቅ እንዴት አድርገው ያውጡባት?

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። ለምስክር ያህልም አንዴ አስለው፣ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ወደ በረንዳው ወጡ።