ፍልፈል ስለሚባለው

የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ክፉ አመል አለብኝ። የቃል ሥር ሳላስረዳ ውዬ ማደር አልችልም። ሚዛን ተፈሪ ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት ቤት ከቁልቁለት ሥር ነበር። ባለቤቲቱ የቤንች ተወላጅ፣ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። እሳቸው ቁልቁለቱን በተጠጋችው ክፍል፣ እኔ ፊት ለፊታቸው እንኖር ነበር። ቁልቁለቱ ላይ የዓመት ቀለባቸው የሆነው እንሰት ተተክሏል።

ክረምቱ ሲገባ በእንሰቱ መሃል የአፈር ክምሮች ብቅ ብቅ አሉ። በሳምንቱ አንድ እግር እንሰት፣ ቅጠሉ እንደለመለመ፣ ማንም ሳይነካው ወደቀ። ሥሩ ተበልቶ አልቋል። የሴትዮዋ አንጀት አረረ። እኔ ግን፣ ሳስታውሰው አፍራለሁ፣ የማስረዳው ነገር በማግኘቴ ደስ አለኝ። ፍልፈል ስሙን ያገኘው «ፈለፈለ» ከሚለው ግስ እንደሆነ፣ በቆሎም አለትም እንደሚፈለፈል፣ እሱ ደግሞ መሬቱን እንደሚፈለፍል ነገርኳቸው። የባዮሎጂ አስተማሪ ባልደረባዬ ከአይጥና ከጃርት ጋር ቆርጣሚ ከሚላቸው እንደሚመድበው፣ ጥርሱ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ ካልቆረጠመ እንደማይኖርም ጨመርኩላቸው። በትዕግሥት ሰምተውኝ በእነሱ ቋንቋ ሌላ ስም እንዳለው ብቻ ነገሩኝ።

ወጥመድ አጠመዱ፤ ምንም አልያዘም። ሌላ እንሰት ወደቀ፣ ቀጥሎም ሌላ። ከክፍላቸው ግድግዳ ጀርባ የሚፍቅ ነገር እንደሚሰሙ አጫወቱኝ። ውሃ እንልቀቅበትና ይውጣ አልኳቸው።

«ልጄ፣ ውሃ እንዳታገባ» አሉኝ። «ከሥር መሬት የለም። ቤት ነው ያለው።»

እሁድ ቸርች ሲሄዱ ጎማውን ከቧንቧው ቀጥዬ ትልቁ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩት። ውሃው ይገባል፣ ይገባል፣ አይሞላም። የሚወጣበትም አልታየኝም። ውስጤን ቅር ቢለውም እልህ ይዞኝ ከአንድ ሰዓት በላይ ለቀቅኩበት። ሲመለሱ አልነገርኳቸውም።

ሰኞ ዝናብ ሲጥል ዋለ። ማክሰኞ ጠዋት የክፍላቸው ግድግዳ ርሶ፣ በራቸው አልዘጋ ብሏቸው ሲታገሉ አየሁ። ልናገር አፌን ከፈትኩና ክፍለ ጊዜ ረፈደብኝ ብዬ ወጣሁ።

ለምሳ ስመለስ ቁልቁለቱ ከነእንሰቱ ክፍላቸው ላይ ተንዷል። ጎረቤቱ በአካፋም በእጁም ቆፍሮ በሕይወት አወጣቸው። ዳሌያቸው ተሰብሯል። ቃሬዛ ላይ እንዳሉ አንድ ጎረቤት ይሄ ሁሉ መሬት ምን ነክቶት ነው ብሎ እኔን ጠየቀኝ፤ የተማርኩት እኔ ነኛ።

«ፍልፈል ነው» አልኩት። «ስሙ ራሱ ይናገራል። መሬቱን ፈልፍሎት ነው።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እሳቸውም ሰሙኝ፤ አመኑኝም።

ዛሬ ቴፒ ልጃቸው ዘንድ ናቸው፤ ያለ ደጋፊ አይነሱም። እኔ አሁንም እዚያው ግቢ ነኝ። በየበዓሉ ሄጄ ስጠይቃቸው ደስታቸው ልክ የለውም። ያ እንስሳ ግቢውን ከለቀቀ ተመልሰው ክፍላቸውን ማሠራት፣ እንሰታቸውን መትከል ይፈልጋሉ። ፊታቸውን በየቀኑ እያየሁ መኖሩን እፈራለሁ። ከዚያች እሁድ ወዲህ በግቢው አንድም የአፈር ክምር አላየሁም።

«ለቀቀ ወይ?» ይሉኛል።

«አልለቀቀም» እላቸዋለሁ።