ለጭቃ ብቻ የሚጠፋ

በእኛ አገር መኪና የሚገዛው ለአስፋልት አይደለም፤ ለጀፎረ ነው። ጀፎረ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የተሠሩበት የመንደሩ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ሠርጉም፣ ለቅሶውም፣ ሽምግልናውም እዚያው ላይ ነው። ለመስቀል አገሩ የሚገባ ሰው መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ በእግሩ ከመጣ፣ «መኪናው ደክሞት ነው» እየተባለ እስከሚቀጥለው መስቀል ይሾፍበታል። ስለዚህ መስከረም ላይ፣ መሬቱ የክረምቱን ውኃ ገና ጠጥቶ ሳይጨርስ፣ ሁሉም መኪናውን ወደ ጭቃ ይነዳል። ዓመቱን ሙሉ በሱቃቸው ማንም የማያታልላቸው ነጋዴዎች እንዲህ ያደርጋሉ። እኔ ወልቂጤ የፊዚክስ መምህርት ነኝ፤ ይህንን የሚያስረዳልኝ ሕግ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ታላቅ ወንድሜ ቡታጅራ የሕንፃ መሣሪያ ይነግዳል። አባታችን ከሞተ ወዲህ በአባታችን ወንበር የሚቀመጠው እሱ ነው፤ እኔና ታናሽ እህቴ «ጋሼ» እንለዋለን። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ መኪና በገዛበት ዓመት፣ እኛ ከወልቂጤ በሚኒባስ ሄደን ከአታት አለፍ ብሎ ካለው መገንጠያ ላይ ጠበቅነው። እህቴ ከፊት ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላ ገባሁ። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ያኔ ወልቂጤ ገበያው አጠገብ የራሷ ቤት ነበራት። የእግር ስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር፤ ሙሽሮች ከጉብሬም ከዚያም ወዲያ ተራ ይዘው ይጠብቋት ነበር። ለራሷ ለመስቀል የሰፋችውን አዲስ ቀሚስ ጭቃ እንዳይነካው ጭኗ ላይ ሰብስባ ይዛው ነበር።

ጀፎረው መግቢያ ላይ መኪናው ሰመጠ። እኔና እህቴ ወረድን። ጋሼ ነዳጅ ይረግጣል፤ ጎማው ትንሽ ይሽከረከርና ሞተሩ ራሱ ድምፁን ቀንሶ ዝም ይላል። እንደገና ይረግጣል፤ እንደገና ዝም። መንደርተኛው ወጥቶ ቆሟል፤ የሚገፋው ጥቂት ነው፣ የሚያየው ብዙ። የጋሼ አንገት ሲቀላ ከውጭ ይታየኝ ነበር። በመጨረሻ አይሱዙ የሚነዳ ጎረቤታችን በመስኮቱ ራሱን አስገባና ከመሪው ሥር የተደረደሩትን ቁልፎች አየ።

«ያቺን የምትንሸራተት መኪና ሥዕል ያለባትን ተጫናት። ወላሂ እሷ ናት የያዘችህ!» አለው።

ጋሼ ተጫናት። ከፊቱ አንዲት ቢጫ መብራት በራች፤ ሞተሩ ጮኸ፤ ጎማዎቹ ጭቃውን በሚገፋውም በሚያየውም ላይ እየረጩ መኪናው ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጎረቤታችን ከኋላ እየሮጠ «አሁን መልሰህ ተጫናት! ለጭቃ ብቻ ነው የምትጠፋው!» እያለ ይጣራ ነበር። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ ሰማሁት። ጋሼ ግን እልልታውን ነበር የሚሰማው፤ መኪናዋን እናታችን ደጃፍ ድረስ አስገብቶ ጥሩምባውን ነፋ።

በማግስቱ ከመኪናው መሳቢያ ውስጥ የአጠቃቀም መመሪያ መጽሐፉን አውጥቼ አነበብኩ። ነገሩ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ሾፌሩ መሪውን ወደ አንድ በኩል አዙሮ መኪናው ግን ወደ ሌላ መንሸራተት ሲጀምር፣ መኪናው ራሱ ያውቀዋል፤ አንዱን ጎማ ለይቶ ፍሬን ይይዝበታል፣ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፣ ሾፌሩ ሳይደነግጥ በፊት ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። ጭቃና አሸዋ ላይ ግን ጎማው እንደልቡ ካልተሽከረከረ መውጣት የለም፤ ያንን ጉልበት ሲቀንስ እዚያው ያስቀራል። ስለዚህ ለጭቃው ይጠፋል፤ ከጭቃው ሲወጡ ይበራል። በደህና መንገድ ላይ፣ ከሁሉም በላይ በዝናብ፣ አይነካም። ይህን ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ብነግራቸው አንዱም አይጠይቀኝም ነበር።

ለጋሼ ነገርኩት። ምሳ ላይ ነበርን፤ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል።

«መንጃ ፈቃድ አለሽ?» አለኝ።

«የለኝም።»

«መኪናስ?»

«የለኝም።»

«እሺ አስተማሪዬ! እኔ የለመድኩት በጭነት መኪና ነው። ይኼ እንቅልፋም የዐረብ ሀብታም እንዳይሞት የሠሩት ነው» አለ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እናቴ ሳትቀር ሳቀች። የክትፎው ጣባ እኔ ጋ ሲደርስ አልቀመስኩትም። እንዳኮረፍኩ ቆጠሩት፤ ልክም ነበሩ።

መኪናው በተነሳ ቁጥር ያንን ነገር ራሱ መልሶ ያበራዋል። የሠሩት ሰዎች እንደ ጋሼ ያለ ሾፌር እንደሚኖር ያወቁ ይመስለኛል። ጋሼ ግን በየጠዋቱ ያችን ቁልፍ መጫን ሰለቸው። «ጉልበቴን እየበላች ነው» ብሎ ቡታጅራ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ጋ ወስዶ ጭራሽ አስነቀለው። ቢጫዋን መብራት ግን ሊያጠፏት አልቻሉም፤ ቀን ከሌት ትበራለች። ጋሼ እላይዋ ላይ ትንሽ የማርያም ሥዕል ለጠፈባት። «ጠባቂዬ ይህች ናት» ይል ነበር እያሳየን። ማርያምን የሚጠላ ማን አለ?

የሚቀጥለው መስቀል መኪናዋ ጀፎረውን በእልልታ ገባች። ሲመለስ ጋሼ ወልቂጤ ጉዳይ ነበረውና ላድርሳችሁ አለን። አታትን እንዳለፍን ዝናብ ጀመረ። እህቴ ከፊት ሆና የሚጠብቋትን ሙሽሮች እየቆጠረች ትስቅ ነበር። ጋሼ አንድ አይሱዙ ሊቀድም ፈጠነ፤ ቀደመው፤ ከፊቱ ያለው መታጠፊያ ላይ ግን የመኪናው ኋላ ከሥሬ ወጥቶ ሲሄድ ተሰማኝ። ጋሼ መሪውን ወዲህ አዞረ፣ ወዲያ አዞረ። መኪናው እሱን መስማት ትቶ ነበር። በጎን ተንሸራተን ከመንገዱ ወጣንና እህቴ በተቀመጠችበት በኩል ባሕር ዛፍ ላይ አረፍን። በመንገዱ ላይ ከቀደምነው አይሱዙ በቀር ማንም አልነበረም፤ ሰውም፣ ከብትም።

ጋሼን ልበድለው አልፈልግም። እህቴን ከመኪናው ያወጣት እሱ ነው። በእቅፉ ይዟት ዝናቡ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ ያለቅስ ነበር፤ ሆስፒታሉ በር ላይም አለቀሰ። ያን ቀን ይቅር ብዬው ነበር ማለት እችላለሁ። እምባው ሲደርቅ ነው ሰውዬው የተመለሰው።

ለትራፊክ ፖሊሱ «በሬ ገባብኝ» አለው። አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ «የምን በሬ?» ስል ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ለጠያቂዎቹም በሬውን ነገራቸው። በየቤቱ ሲወራ በሬው እየወፈረ ሄደ፤ ቆየት ብሎ ቀንዱ ሳይቀር ይወራ ጀመር። ባለቤቱ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ሲመጣ ደግሞ በሬው ጠፋና ዝናቡ ብቻ ቀረ፤ «መንገዱ ክፉ ነው» ሆነ። እኔ እውነቱን ስናገር እናቴ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝ። «የቤታችንን ምሰሶ ልትጥዪው ነው? እሱ ቢቀየመን ማን አለን?» አለችኝ። እናቴን እወዳታለሁ፤ ያን ቀን ግን አስጠላችኝ።

የእህቴ ዳሌ ተሰብሮ ነበር። ዳነ ይባላል፤ በምርኩዝ ትሄዳለች። ቀኝ እግሯ ግን መርገጫውን አይገፋም፣ ብዙ መቀመጥም አትችልም። ሙሽሮቹ ሌላ ሰፊ ፈለጉ፤ ቤቷን ለቀቀች፤ የስፌት መኪናዋ እኔ ቤት ሳሎን ውስጥ ጨርቅ ለብሳ ቆማለች። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ «ከጋሼ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። «በሰው ፊት አንዴ ‹አስነቅዬው ነበር› ይበል። እሱን ብቻ። ሰው ሁሉ ‹ዕድሏ ነው› ሲለኝ እኔም ልረሳው ነው መሰለኝ።» ይህንኑ ቡታጅራ ድረስ ሄጄ ለጋሼ ነገርኩት። ሱቁ ውስጥ ሻይ አዘዘልኝ፤ ስለ ሲሚንቶ መወደድ አወራኝ።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ የመስቀል በሬ የሚታረደው ቤተሰቡ ታርቆ ነው። ቂም እያለ ሥጋ አይቆረጥም። አደጋው በደረሰ በዓመቱ ጋሼ ሌላ መኪና ይዞ መጣ፤ እህቴና እኔ ከአስፋልቱ በባጃጅ እስከቻለ ድረስ ሄደን፣ የቀረውን ቀስ እያልን በእግራችን ገባን። ሽማግሌዎቹ በደጃፉ ሣር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር። በሬው ግንድ ላይ ታስሯል። ጋሼ በአባታችን ወንበር ላይ ነው።

«ምን አለህ?» አሉት ትልቁ ሽማግሌ።

«እኔ ምን አለኝ አባቴ? ዝናብ ነበር፤ መንገዱ ክፉ ነው። እግዜር ያመጣውን ምን ላድርግ? እሷ ግን ዓመቱን ሙሉ ፊቷን አዙራብኛለች።»

ሽማግሌው ወደ እህቴ ዞሩ። «ልጄ፣ ታላቅሽ ነው፤ እንደ አባትሽ ነው። ይኸው በሬው ቆሟል፤ ሰውም እየጠበቀ ነው። ይቅር በይው።»

«ምኑን አባቴ?» አለች።

«እንዴት ምኑን?»

«ይቅር የምለውን ይንገረኝ። ያደረገውን ራሱ በአፉ ይናገር፤ አሁኑኑ ተነሥቼ ጉልበቱን እስማለሁ።»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሽማግሌው ወደ ጋሼ ተመለሱ፤ «በል፣ ንገራታ» አሉት። ጋሼ አንዴ እኔን አየኝ። ለአፍታ የሚናገር መሰለኝ። ከዚያ እጁን ወደ አስፋልቱ አቅጣጫ ወረወረ።

«ነገርኳችሁ እኮ! መንገዱ ነው! መንገዱ!»

እህቴ ምርኩዟን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሣች።

«እንግዲያው መንገዱን ይቅር ብዬዋለሁ» አለች።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። በሬው መሬቱን ይቧጥጥ ነበር፤ ፀሐይም ከፍ ብላ ነበር። ትልቁ ሽማግሌ «ይቅር ብላለች፤ ይበቃል» ብለው መዳፋቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉና መረቁ። ሁሉም አሜን አለ። ከሁሉም ጮክ ብሎ አሜን ያለው ጋሼ ነበር፤ ቢላዋውንም ተቀበለ።