«ደ» የምትከብዳት እህቴ

ታላቅ እህቴ ተብታባ ነበረች። በሁሉም ቃል አይደለም፤ ምላሷ የሚታሰረው በ«ደ» የሚጀምር ቃል ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ደባርቅን «ከተማው»፣ ዳባትን «ማዶ» ትላለች። ደጅን በር፣ ደመናን ጉም ብላ ታልፈዋለች። እኛም ለምደነው እንደሷ ማውራት ጀምረን ነበር።

አባታችን ነጋዴ ነበር። ከቆላ ጥጥ ጭኖ፣ ከድብ ባሕር በላይ ያለውን ዳገት ሲወጣ ጉም ወረደበትና ከነበቅሎው ገደል ገባ። የአገሩ ሰው ሬሳውን በቃሬዛ ተሸክሞ አመጣልን።

ለቅሶው ላይ አልቃሿ ደክሟት ዝም ስትል እህቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። ዐይኗን ጨፍና፣

ደመና ደረበ፣ ደጋው ደነገዘ፤
ደጉ ዳገት ደክሞት፣ ደጁ ደነዘዘ።

አለች። አንዴም አልተደናቀፈችም። ሌላ ስንኝ ጨመረች፣ እንደገና ሌላ፤ ሁሉም በዚያው ፊደል። ድምፅዋ ወፍራም ነበር። አባቴ በቅሎውን ሲያባብል የሚያወጣው ድምፅ ነው። እናቴ ተጠግታ የእህቴን አፍ በነጠላዋ ያዘችው።

«ዝም በዪ ልጄ! በአፍሽ የሚናገረው ማነው?»

በማግስቱ እህቴ እንደ ቀድሞዋ ሆነች። ውኃ ስንቀዳ፣ «እንዴት አድርገሽ አልሽው?» አልኳት።

«እንጃ። ቃሉን ብቻውን ስለው ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ሲከታተሉ ግን የኋላው የፊቱን ይገፋዋል።» እንስራዋን እያነሣች፣ «የገፋሁት እኔ አይደለሁም» አለች።

የንስሐ አባታችን መጥተው ቤቱን ጠበል ረጩት። እናቴም ሁለተኛ ሙሾ እንዳታወርድ ከለከለቻት።

ከዓመታት በኋላ ደባርቅ ስማር፣ የአማርኛ መምህራችን በአንድ ፊደል የሚጀምሩ ቃላት ስንኝን እንዴት እንደሚያጠብቁት አስረዱንና ግጥም ጻፉ አሉን። እኔ በ«ደ» ጻፍኩ። ፊደሉን መርጬው አይመስለኝም።

«ግሩም ነው፤ ተነሥተሽ አንብቢው» አሉኝ።

ቆምኩ። የመጀመሪያዋ «ደ» ጉሮሮዬ ውስጥ ተሰነቀረች። ተንተባትቤ አላውቅም ነበር። ክፍሉ ሳቀ። ከኋላዬ የበቅሎ ላብና የእርጥብ ጥጥ ሽታ መጣ፤ የኋላ ወንበር ላይ ግን ማንም አልነበረም። መምህሩ ፊቴን አይተው፣ «ይብቃሽ፣ ቁጭ በዪ» አሉ።

ማታ ቤት ስገባ ለእህቴ ነገርኳት። አልገረማትም።

«ዞረሽ አየሽ?»

«አዎ።»

«አትዙሪ። ካልዞርሽ ምንም አያደርግሽም» አለችና እጄን ይዛ ቆየች።

እሷ ጃናሞራ ተድራ ሄደች፤ እኔ ግጥም መጻፌን አልተውኩም። በዚያ ፊደል ስንኝ ሲመጣልኝ ግን ወንበሬን ከኋላዬ ካለው ግድግዳ ጋር አስጠግቼ ነው የምቀመጠው።